ዕጣን ያልሸፈነው

ሰው የተወለደበትን ቤት በዓይኑ ይለየዋል ይባላል። እኔ ግን የእናቴን ቤት የማውቀው በአፍንጫዬ ነው። ዓይኔን በሻሽ አስራችሁ ከደሴ ፒያሳ ሽቅብ ወደ ጦሳ ግርጌ ብትመሩኝና ከሃያ ቤት መካከል አንዱን ምረጥ ብትሉኝ አልሳሳትም። የተቆላ ቡና፣ የባሕር ዛፍ ጭስ፣ የበርበሬ ድልህ፣ በክረምት ዝናብ የራሰ የጭቃ ግድግዳ፤ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ እንደ ነጠላ ለስለስ ብሎ የሚደረበው የዕጣን ጢስ። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ይኼ ጠረን ገና ከአጥሩ በር ላይ ይቀበለኝ ነበር።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ያንኑ በር ስንከፍት የተቀበለን ጠረን ሌላ ነበር።

ጊዜውን አንባቢ ያስታውሰዋል። ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ሲጠጋ፣ በጥቅምት አጋማሽ፣ እናቴን ይዤ ለመውጣት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሄድኩ። ከተማዋ ከሰሜን በተፈናቀለ ሕዝብ ተሞልታ፣ ትምህርት ቤቶቿ መጠለያ ሆነው ነበር። እናቴ አልወጣም ብላ ሁለት ቀን ተከራከረችኝ። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ግን አንድ ሻንጣና አንድ ዘንቢል ይዘን በኮምቦልቻና በከሚሴ አድርገን ወደ አዲስ አበባ ወረድን። ብዙም ሳይቆይ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ። መንግሥት ሁለቱን ከተሞች መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። መንገዱ እንደተከፈተ እናቴ አንድ ቀን አላሳደረችኝም፤ ተመለስን።

የበሩ ቁልፍ ተሰብሯል። ቴሌቪዥኑ የለም። ቁም ሣጥኑ ተገልብጦ ልብሱ መሬት ላይ ተበትኗል። ይህን ሁሉ ያየሁት ግን በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ፊታችንን እንደ ጥፊ የመታን ሽታው ነበር። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ ወሰደችና ደጃፉ ላይ ቆመች። የገዛ ቤቷን ለመግባት የተጠየፈች መስሎ እንዳይታይባት ነው መሰለኝ፣ ወዲያው ነጠላውን ለቀቅ አድርጋ ገባች።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ማቀዝቀዣውን ነው። መብራት ከተቋረጠ ከወር በላይ ሆኖታል፤ ከፍቼ ያየሁትን አልዘረዝርም። ወደ ጓሮ ጎትተን አወጣነው፤ በሳሙና አጠብነው፤ በሩን ከፍተን ፀሐይ ላይ ተውነው። «በቃ፣ እሱ ነው» አልኩ። እናቴም «እሱ ነው» አለች። በማግሥቱ ጧት ስንነሣ ሽታው እንዳለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕጣኑ ተጀመረ። ጧት ይጨሳል፤ ቀትር ላይ ይጨሳል፤ ማታ ይጨሳል። ዕጣን ሲያልቅ ከርቤ፣ ከርቤ ሲያልቅ ወይራ። ጎረቤቶች «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ሊሉ ይመጣሉ፤ ቡና ይፈላል፤ ስለ ተዘረፈው፣ ስለ ተገደለው፣ ስለ ጠፋው ይወራል። ስለ ሽታው ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ይሉኝታ ነው። ደግሞም ያን ሰሞን በሰፈራችን የየራሱ ሽታ ያልነበረበት ቤት ጥቂት ነበር፤ የሰውን ያነሣ የራሱ ይነሣበታል። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ብቻ እስከ አጥሩ በር ስሸኛቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የመጸዳጃውን ጉድጓድ አይተኸዋል?» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። በዚያ ወቅት ሰው ሁሉ በጓሮው ምን እንደተቀበረ እርግጠኛ አልነበረም። በባትሪ አየሁ። ምንም የለም። ወጥቼ እጄ ሲንቀጠቀጥ ለራሴ አፈርኩ።

እናቴ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጓሮ ወጥታ ትጣራ ነበር። «ውሮ! ውሮ! ውሮ!» ድመቷን ነው። ዘጠኝ ዓመት አብራት የኖረች ግራጫ ድመት ነበረች። የወጣን ለታ ጧት ልንይዛት ፈልገን ጣሪያ ላይ ወጥታ እምቢ ስላለች ትተናት ሄድን። «ተኩሱ አስደንግጧት ነው፤ ትመጣለች» ትላለች እናቴ። በጣሳ ክዳን ወተት ታስቀምጣለች። ጧት ስናየው ወተቱ እንዳለ ነው።

አሁን ለእናቴ ያልነገርኳትን ለአንባቢ ልንገር።

ከደሴ በወጣንበት ዋዜማ ምሽት ጓዳ ውስጥ ሁለት ኩንታል ጤፍና ስንዴ ነበር። ይዘነው አንሄድ ነገር መኪናው ጠባብ ነው። አይጥ እንዳይጨርሰው አስቤ ከሱቅ የአይጥ መርዝ ገዛሁ። በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ጥቁር ዱቄት ነው። ሻጩ ሰዎች ሁሉ የሚሉትን ነገረኝ፦ «ይኼን የበላች አይጥ ውኃ ውኃ ብሏት ሜዳ ወጥታ ነው የምትሞተው፤ ቤት አይሸትም።» እናቴ ተኝታ ሳለ ቂጣ ቆርሼ፣ እንዲጣፍጥ ቅቤ ቀብቼ፣ ዱቄቱን ነስንሼ በሰርዲን ጣሳ አድርጌ ከጓዳው ግድግዳ አናት ላይ፣ ቆርቆሮው ከወራጁ በሚገናኝበት ስንጥቅ አስቀመጥኩት። ድመቷ ትዝ አላለችኝም። ትዝ ያለችኝ በማግሥቱ ከሚሴ ስንደርስ ነው። ዘወር ብዬ እናቴን አየኋት፤ ዘንቢሏን ታቅፋ በመስኮት ትመለከታለች። ዝም አልኩ። አገር እየፈረሰ ስለ ድመት ይወራል?

ኋላ እንዳነበብኩት፣ እንዲህ ያለው ጥቁር ዱቄት ብዙውን ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይሆናል። አይጥ፣ ድመት፣ ሕፃን ልጅ ብሎ አይለይም። ውኃ ፍለጋ ሜዳ ያስወጣል የሚለውም ተረት ነው፤ የተመረዘ እንስሳ የሚሞተው ሕመሙ የያዘው ቦታ ወይም የተደበቀበት ጥግ ነው። መርዝ ከማስቀመጥ ወጥመድ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ወጥመድ የገደለውን የት እንዳለ ታውቀዋለህ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለውን ተረት ስንቴ ተርቼዋለሁ! ዳዋውን ራሴ መምታቴን ግን ማመን አልፈለግሁም። ስለዚህ ሽታው ከየት እንደሚመጣ እየጠረጠርኩ፣ እኔም ከሰል አቀጣጥዬ ለዕጣኑ አቀርብ ነበር።

በስድስተኛው ቀን እኒያ አዛውንት ተመልሰው መጡ። «ይኼንን የሚያገኝልህ ባለ ቆዳው ነው። ኮምቦልቻ ሄደህ ጥራው» አሉኝ።

ባለ ቆዳው ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ የሚኖሩ፣ ኮምቦልቻ በአንድ የጥሬ ቆዳ መጋዘን ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ከስማቸው ይልቅ በሥራቸው ይጠራቸዋል። ልጅ ሆነን ከኋላቸው አፍንጫችንን ይዘን እንሮጥ ነበር። በዕድር ድንኳን ውስጥ ከጎናቸው ያለው ቦታ ሁልጊዜ ቶሎ አይሞላም። ቆዳ የሚነካን ሰው «ፋቂ» እያሉ ማራቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል፤ አዋጁ ግን አፍንጫችን ድረስ አልዘለቀም። ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው፤ ማንንም የማይጠየፍ ግብር ቤት ማለት ነው። በዚያ ስም የምትኮራ ከተማ ልጅ ሆኜ እኒህን ሰው ሰላም ያልኩበትን ቀን በጣቴ መቁጠር እችል ነበር።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትቀመጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርዱ ጋቢው መንገድ ላይ ይወልቃል። መጋዘኑን ለማግኘት ማንንም አልጠየቅሁም፤ ሽታው መራኝ። ባለ ቆዳው የጎማ ቦቲ ጫማ አድርገው የተበላሸ ቆዳ በአካፋ እያወጡ ነበር። አንድ ወር ሙሉ የሚያገላብጠውና ጨው የሚጨምርለት ሰው ያጣ ክምር ነው።

«ጥሬ ቆዳ ከተገፈፈ በሰዓታት ውስጥ ጨው ካላገኘ አለቀለት» አሉኝ፣ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ። «ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀት ነው፤ አይታገሥም። ያንተ ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው። ድመቷን ግን አላነሣሁም።

«ስንት ቀን ሸተተ?»

«እኛ ከገባን ስድስት ቀን። ከዚያ በፊት እንጃ።»

«እንግዲያ አይጥ አይደለም። አይጥ በዚህ ጊዜ ደርቃ ትተው ነበር። ተለቅ ያለ ነገር ነው። ደሴ ብርድ ነች፤ ሽታን ታቆያለች።» አካፋውን ግድግዳ አስደገፉ። «ማታ እመጣለሁ። እስከዚያ ዕጣኑን አጥፉት፤ በርና መስኮቱን ዝጉ። እናትህን እኔ ነኝ ያልኩት በላት።»

እናቴ ዕጣን አታጭሺ ስትባል ደነገጠች። እርቃንሽን እንግዳ ተቀበዪ እንደተባለች ያህል ነበር። የዚያን ሌሊት ሽታው ከነሙሉ ጉልበቱ አብሮን አደረ።

ባለ ቆዳው አመሻሽ ላይ መጥተው ከውጭ ቤቱን ዞረው አዩት፤ ሳይገቡም ተመለሱ። «ጧት ነው የሚፈለገው» አሉ። ገና ፀሐይ ሳትወጣ መጡ። የአሠራራቸውን ምክንያት እየነገሩኝ ስለሆነ፣ ለአንባቢም ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው። የሰው አፍንጫ ቶሎ ይደክማል፤ አንድ ሽታ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ መለየት ያቆማል። ስለዚህ ከውጭ ብርድ በቀጥታ ገብተው፣ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ አሽትተው፣ ተመልሰው ይወጣሉ። አየር ስበው ደግሞ ይገባሉ። በየክፍሉ አንዴ ቁጢጥ ብለው፣ አንዴ ቆመው ያሸታሉ። ሽታው ከወለል ይሁን ከላይ የሚለየው እንዲህ ነው። በአምስተኛው ጊዜ ጓዳው በር ላይ ቆሙ።

«ቅድም እዚህ የጠረገ ማን ነው?»

እናቴ እሷ መሆኗን ተናገረች። የጠረገችውን ጠየቋት። ጥግ ላይ የተጠራቀመውን ቆሻሻ በመዳፋቸው ዘገን አድርገው ወደ ብርሃኑ አወጡት። ቡናማ፣ ከስንዴ ፍሬ ያነሰ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ገለባ መሳይ ነገር ነው። እናቴ እንክርዳድ መስሏት ነበር። «የዝንብ ቅርፊት ነው» አሉ። ዝንብ ሬሳ ላይ ትጥላለች፤ ትሉ በልቶ ሲጠግብ ከሬሳው ርቆ በዚህ ቅርፊት ውስጥ ይተኛል፤ ከዚያ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ቅርፊቱ ከላይ ነው የረገፈው። ቀና አልን። በኖራ የተቀባው የአቡጀዲ ኮርኒስ ጥጉ ላይ የሻይ ፈሳሽ የተደፋበት የሚመስል ወይባ እድፍ ነበረው። በዚያ ዕጣን ጢስ ውስጥ ስድስት ቀን ስንገባ ስንወጣ ያላየነው እድፍ።

ይህን ሽታ የሚሠሩትን ንጥረ ነገሮች በ1885 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያወጣ ሉድቪግ ብሪገር የሚባል የበርሊን ሐኪም ነበር። አንዱን «መበስበስ»፣ ሌላውን «ሬሳ» ከሚሉት የላቲን ቃላት ወስዶ ፑትሬሲንና ካዳቨሪን ብሎ ሰየማቸው። ዕጣን እነዚህን አያጠፋቸውም፤ በላያቸው ሌላ ሽታ ይጨምርባቸዋል እንጂ። ባለ ቆዳው የብሪገርን ስም አልሰሙም። «ዕጣን የማር ወለላ ነው። ቁስል ላይ ብትቀባው ዝንቡን ትጠራለህ እንጂ እሾኩን አታወጣም» ነው ያሉኝ።

እናቴን ወደ ጎረቤት ሰደዷት። አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ አሰርን፤ ሁለት ሁለት ፌስታል በእጃችን አጠለቅን። መሰላሉን አቁመው አቡጀዲውን ከሚስማሩ በቢላ ለቀቅ አደረጉት። ከማንሣታቸው በፊት አቧራው እንዳይበንና እንዳንተነፍሰው በረኪና የገባበት ውኃ ረጩበት። «ባትሪውን ያዝ» አሉኝ።

ግራጫ ነበረች። ቆዳዋ ደርቆ ከማገሩ ላይ ተጣብቋል። ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ የሰርዲን ጣሳዬ ተቀምጧል። ቂጣው የለም፤ ጥቁሩ ዱቄት ብቻ በጠርዙ ዙሪያ ቀርቷል።

ባለ ቆዳው ጣሳውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ምንም አልተናገሩም። ድመቷን በእርጋታ፣ የሚያማት ይመስል፣ ከእንጨቱ አላቀው በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስገቧት። ጣሳውን በሌላ ፌስታል ቋጥረው ለብቻው አኖሩት። ከመሰላሉ ሲወርዱ፣ «ሌላው ሁሉ የጦርነቱ ነው። ይኼኛው ግን ያንተ ነው መሰለኝ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ጉድጓዱን አንተ ቆፍር። ወገብህ ድረስ ይሁን፤ ጅብና ውሻ እንዳያወጣት።»

ጓሮ ከኮባው ሥር ቆፈርኩ። እየቆፈርኩ እናቴ ከጎረቤት ተመለሰች። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ምናልባት ማንም አልነገራትም። አሮጌ ነጠላዋን ይዛ መጥታ ከረጢቱን ራሷ ጠቀለለችው። አፍንጫዋን አልያዘችም።

«እማ» አልኩ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆምኩ። «መርዙን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«የወጣን ለታ ቅቤውን ዘንቢል ውስጥ ስከት የጣትህን ምልክት አየሁበት። አንተ ቅቤ በጣትህ አትበላ! ቀድሞም ስለ አይጡ ስታወራ ነበር። መኪና ውስጥ ሆኜ ሳስበው ገባኝ። ከሚሴ ላይ ልጠይቅህ ብዬ ዘወር ስል፣ አንተም እኔን እያየኸኝ ነው። ፊትህን አይቼ ተውኩት።»

«ታዲያ ማታ ማታ ለምን ትጠሪያት ነበር?»

«ብትመጣስ ብዬ ነዋ» አለች።

ሥራው ያን ቀን አላለቀም። ሬሳውን ማውጣት ግማሹ ብቻ ነው፤ ፈሳሹ የነካው ሁሉ እስካለ ድረስ ሽታው አይለቅም። የዚያን ጥግ አቡጀዲ ቀደን አወጣነው። የግድግዳውን ጭቃ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ፍቀን ጣልን። እንጨቱን በሳሙና፣ ቀጥሎም በንጹሕ ውኃ፣ በመጨረሻም በረኪና በገባበት ውኃ አጠብነው። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አንድ ላይ መቀላቀል የሚያፍን ጋዝ ስለሚያወጣ ባለ ቆዳው እያንዳንዱን ለየብቻ ነበር የሚያስጠቀሙን። ጥቁሩን የእንጨት ከሰል ሳናቀጣጥል በሰፌድ አድርገን በየጥጉ አስቀመጥን፤ በቀዳዳዎቹ ሽታ ይይዛል። ጋቢውን፣ ፍራሹን፣ መጋረጃውን ፀሐይ ላይ አሰጣን። መስኮቱን በታኅሣሥ ብርድ ቀን ቀን ወለል አድርገን ከፈትነው። በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳውን በጭድ በተቦካ ጭቃ መረግን፤ ሲደርቅ ኖራ ቀባነው። ኖራውን ባለ ቆዳው ከኮምቦልቻ በትከሻቸው ተሸክመው አመጡት፤ ሒሳቡን አምጡ ብንላቸው እምቢ አሉ።

የመጨረሻ ቀን እናቴ ቡና አፈላች። ባለ ቆዳው እንደ ልማዳቸው በር አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ፣ «ከዚያ ይነሡልኝ ወንድሜ፤ ወደዚህ ወደ ውስጥ ይለፉ» አለቻቸው።

«ሥራ ላይ ነበርኩ እታለም፤ ሳልታጠብ ነው የመጣሁት። ቆዳ ቆዳ እሸታለሁ።»

«ይሽተቱ» አለች እናቴ። አቦሉን ቀድታ ለእሳቸው ሰጠች።

ማጨሻው ከረከቦቱ አጠገብ ነበር፤ ፍሙም ተዘጋጅቷል። እናቴ ግን ዕጣኑን ከሙዳዩ አላወጣችውም። ቤቱ የተቆላ ቡናና ያልደረቀ ኖራ ይሸት ነበር።